ኪቦርዱ ማን እጅ ነው? አንድ ረጅም ክር ከነመልሶቹ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ላይ ዝናቡ ሲያወርደው አመሸ። መብራትም ሄደ። ስልኬ ላይ በቀረችው ባትሪ ስለ ኮምፒውተር ትምህርት ክፍል አንድ ነገር ለጥፌ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ክሩ፣ ማለትም ከልጥፉ ሥር የተንጠለጠለው ምልልስ፣ 47 መልስ ደርሶ ነበር። የተወሰነው ይደግፈኛል፣ የተወሰነው ይሰድበኛል፣ መሐል ላይ ደግሞ ሰዎች ስለ እንጀራ ይጨቃጨቃሉ። ረዝሞብናል፣ አሳጥርልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ይኸው በራሴ አነጋገር አቀረብኩት። የአገራችን የማንም ዩኒቨርሲቲ ስም አይጠራም፤ ይህንን ከመጀመሪያው ተነጋግረንበታል።

መነሻው ላይ የጻፍኩት ይህ ነው። ጅማ ከመመለሴ በፊት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላብ አሲስታንት ነበርኩ። የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ላብ ቀን ተማሪው 60 ገደማ ነው፤ የሚሠራው ኮምፒውተር ለሦስት አንድ ይደርሳል። መሐል የተቀመጠው ኪቦርዱን ይይዛል። ግራና ቀኝ ያሉት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ኢንስትራክተሩ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ከዚህ በፊት የሞከረ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አምስት ስድስት እጅ ወጣ። ደስ አለው፤ ከነሱ ጋር ቀጠለ።

ጥግ ላይ ከገጠር ወረዳ የመጣች ልጅ ነበረች። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ እጅ ካወጡት ከብዙዎቹ ይበልጣል። ተራ ደርሷት ስትጽፍ ሴሚኮለን (;) የት እንዳለ ጠፋት። ጣቷ ኪቦርዱ ላይ እየዞረ አየር ላይ ቆመ። አጠገቧ ያለው ልጅ አልጠበቃትም፤ እጁን አሻግሮ ተጫነላት። ክፋት አልነበረውም፣ እንዲያውም ሊረዳት ነው። ግን ሴሚስተሩን ሙሉ እንዲሁ ሲጫንላት ከረመ። የላብ ፈተና ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ጣቷ አሁንም አየር ላይ ነበር።

አባባሌ አጭር ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ጎበዝ የምንለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የጀመረውን ነው። ቀድሞ የጀመረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የከተማ ልጅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፣ ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ነው። ታዲያ መምህሩ ክፍል ውስጥ ምን ያድርግ? መንግሥት ይህን ያድርግ፣ በጀት ይመደብ የሚለውን ለጊዜው ተዉት ብዬ ለመንኩ። (ማንም አልሰማኝም።)

መልስ 1 የጡረተኛ የሒሳብ መምህር ነው። በትሕትና አመሰገኑኝና የራሳቸውን ዘመን አስታወሱ። በእሳቸው ጊዜ ለአንድ ክፍል የነበረው አንድ የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ብቻ ነበር፤ ሁልጊዜ የፊት ወንበር ላይ ይቀር ነበር። የኋላ ወንበር ልጆች ሒሳብ አይገባቸውም ይባል እንደነበር፣ እሳቸውም መምህር ሆነው ለብዙ ዓመት ይህንኑ ሲሉ እንደኖሩ ጻፉ። እኔ በበኩሌ ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ አይከፋኝም ነበር።

መልስ 2 እዚሁ ጅማ ሄርማታ ተወልዳ አዲስ አበባ ሶፍትዌር የምትሠራ እህት ናት። ከአራት ዓመቱ ሦስቱን በግሩፕ ፕሮጀክት ዶክመንቴሽን ስትጽፍ አሳለፈች። ማንም አላስገደዳትም። ጽሑፍሽ ያምራል ይሏታል፤ እሷም ደስ እያላት ትወስዳለች። ዲፌንስ ላይ ስላይዱን የምታቀርበው እሷ፣ ስለ ኮዱ ሲጠየቅ የሚመልሱት ወንዶቹ ናቸው። ሥራ ፍለጋ ስትወጣ የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ ባዶ ስክሪን ሰጧትና ጻፊ አሏት። አልቻለችም። ኮድ የተማረችው ከተመረቀች በኋላ፣ እህቷ ቤት፣ ሌሊት ሌሊት ነው።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ከረረ። ወንድሜ ብሎ ጀመረ፤ ወንድሜ ተብሎ የሚጀመር ነገር ደግሞ በደህና አያልቅም። ኮምፒውተር ጾታ አያውቅም፣ ብሔር አያውቅም፣ ሴሚኮለን ከረሳህ ለሁሉም እኩል ኤረር ይሰጣል አለ። ሴቶች ድሮም በልዩ ድጋፍ በዝቅተኛ ነጥብ ይገቡ ነበር፣ አሁን ደግሞ ክፍል ውስጥም እንደ ሕፃን ይታዘሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከ2015 ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ማለፊያው ለሁሉም 50 መሆኑንም አስታወሰ። ሠላሳ ምናምን ሰው ላይክ አድርጎለታል። ቆጥሬያለሁ፤ ከኔ ይበልጣል።

መልስ 4 ለእሱ ነው። ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም) እኩል ነው፣ ኮምፓይለሩ ፊት ያለው ወንበር ግን እኩል አይደለም ብላ ጀመረች። ከዚያ ወደ ታሪክ ገባች። በ1946 በፈረንጆች ኤኒያክ የሚባለው ቀደምት ኮምፒውተር ለሕዝብ ሲታይ ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ያኔ ስማቸውን የጠራ አልነበረም። አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር የመጀመሪያውን ኮምፓይለሯን የሠራችው በ1952 ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ከሚመረቁት የሴቶቹ ድርሻ በ1984 ወደ 37 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በኋላ እያሽቆለቆለ ወደ 18 በመቶ ወረደ። የሴት ጭንቅላት በ1984 አልተቀየረም፤ በዚያ ጊዜ ኮምፒውተር ቤት መግባት ጀመረ፣ ሲገባም የወንድ ልጅ መጫወቻ ተብሎ ገባ፣ ከዚያ መምህራን ሁሉም ተማሪ ቤቱ የነካካው መሰላቸው አለች።

3 ወዲያው ተመልሶ ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፣ እኛ ጋ ምን አገናኘው አለ። እዚህ ላይ በከፊል ልክ ነው። እኛ ጋ ኮምፒውተር ከነአካቴው ያላየ ወንድም በሽ ነው። እኔም መነሻው ላይ ሴት ብቻ አላልኩም።

መልስ 6 መፍትሔ ይዞ መጣ። አሜሪካ ያለው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚገቡት የሴቶቹ ቁጥር በፈረንጆች በ1995 ከመቶ 7 ነበር፣ በ2000 ግን 42 ደረሰ። ሃርቪ ማድ የሚባለው ኮሌጅ ደግሞ የመጀመሪያውን ኮርስ ለሁለት ከፈለው፦ ከዚህ በፊት ኮድ ያልነካ በአንዱ፣ የነካ በሌላው። አንዱን ወርቅ፣ አንዱን ጥቁር አሉት፤ ጀማሪ፣ ነባር የሚል ታርጋ ማንም ላይ አልለጠፉም። እዚያም ከመቶ 10 ገደማ የነበረው በጥቂት ዓመት ወደ 40 አደገ። እኔን በጣም የገረመኝ ግን የመጨረሻው ነጥቡ ነው። ክፍል ውስጥ እውቀቱን እያሳየ ሌላውን የሚያስፈራ ተማሪ ሲኖር መምህሩ ለብቻው ይጠራዋል። ጥያቄህ ደስ ይለኛል፣ ግን ከክፍል በኋላ ቢሮዬ መጥተህ እናውራ ይለዋል። አይቆጣውም። እኛ ጋ ይህ ልጅ ቀለሜ ተብሎ ከመምህሩ ጋር ኮርሱን ያስተምራል።

መልስ 9 አረመው፤ ጥሩ እርማት ነው። ካርኔጊ ሜሎን ኮርሱን በመክፈል ብቻ አይደለም እዚያ የደረሰው፤ ተማሪ ሲቀበል ቀድሞ ኮድ ለጻፈ የሚሰጠውን ቅድሚያም አስቀርቷል። እኛ ጋ ተማሪ የሚመደበው ከላይ ነው፣ ዲፓርትመንት የሚገባው በፍሬሽማን ውጤቱ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ መውሰድ የምንችለው የክፍሉን ሥራ ብቻ ነው አለ። መልስ 10 አመሰገነውና 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለውን የኢንተርኔት ኮዲንግ ሥልጠና ሊንክ ለጠፈ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ በነፃ አለ፣ ሰበብ የለም አለ። መልስ 12 ደግሞ ነፃ የሆነው ኮርሱ እንጂ ዳታው እንዳልሆነ፣ ስልኩም የታላቅ ወንድሟ እንደሆነ በሁለት መስመር መለሰች።

ከዚህ በኋላ ነው እንጀራው የመጣው። መልስ 13 አንድ ወጣት ኢንስትራክተር ነው። እሱ ሲማር ስታክ የሚባለውን (መጨረሻ የገባው ቀድሞ የሚወጣበትን የመረጃ አደራደር) ያስረዱት ፈረንጅ ካፍቴሪያ ውስጥ በሚደረደር ሳህን ነው፤ እሱ ግን መሶብ ላይ ባለ እንጀራ ያስተምራል። መጨረሻ ከምጣድ የወጣው ከላይ ይሆናል፣ ቀድሞ የሚነሳውም እሱ ነው። ግሩም ምሳሌ ብዬ ላይክ አደረግሁ።

መልስ 14 ተሳስተሃል አለችው። እናቷ ቤት ትኩሱ ከላይ አይነሳም፤ መጀመሪያ የትናንቱ ያልቃል። ስለዚህ እንጀራ ወረፋ ነው፣ ስታክ አይደለም። መልስ 15 የእናትሽን ቤት አላውቅም፣ እኛ ቤት ትኩሱን የሚቀድመን የለም አለ። መልስ 16 ጭቅጭቁን ትቶ የጅማ ልጅነቱን አሳየ፦ ሉፕ (ኮዱ አንድን ሥራ ሲደጋግም) ለማስተማር ቡና ይሻላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስት ዙር፣ ከዚያ ይቆማል። መልስ 17 በረካው እየቀጠነ እንደሚሄድ አስታውሶ፣ በየዙሩ የሚቀንስ ቫሪያብል (ቁጥር የሚያዝበት ስም) ጨምርበት አለው። እንዲህ እየተሳሳቅን ሳለ መልስ 19 መጣና ዝም አሰኘን።

ያደገው እንጀራ በማይበላበት አካባቢ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ነው በየቀኑ የበላው። ስታክን በእንጀራ ያስተማረው መምህር ነበረው፤ ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ እሱ ከላይ ነው የሚነሳው ከታች እያለ ያስብ ነበር። በሌላ ፈተና ደግሞ የመጫወቻ ካርታ የሚበውዝ ፕሮግራም ጻፉ ተባለ። ቤታቸው ካርታ አይገባም፤ ሃይማኖታቸውም አይፈቅድም። ስንት ካርታ እንዳለ፣ በስንት ዓይነት እንደሚከፈል ጥያቄው ላይ አልተጻፈም። ከጎኑ ያለውን እንዳይጠይቅ ፈተና ነው። የሚጽፈውን ኮድ ሳይሆን ካርታ ምን እንደሆነ ሲያስብ ሰዓቱ አለቀ። የጠየቀው ትንሽ ነው፦ ምሳሌ ስትሰጡ ሁለት ስጡ፤ ፈተና ላይ ደግሞ ዕቃውን ግለጹት።

13 ይቅርታ ጠየቀ። ከልቡ ይመስለኛል።

የቋንቋው ነገር የተነሳው መልስ 21 ላይ ነው፤ ክሩ ውስጥ በጣም የጋለውም እዚህ ነው። ጸሐፊው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ክፍሉ ሲፈዝበት ወደ አማርኛ ይቀይራል፤ ቀልዱም፣ ፈተና ላይ ይመጣል የሚለው ጥቆማም በአማርኛ ነው። የሱ አማርኛ ያኔ የገበያ አማርኛ ነበር። ሌላው አንዴ ያመለጠውን በሁለተኛው ሲይዝ እሱን ሁለቱም ጊዜ ያመልጠዋል። መልስ 22 ታዲያ አማርኛ ልመድ ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ የመጡትን አራት መልሶች አጥፍቻለሁ፤ ስለ ኮምፒውተር ምንም አልነበረባቸውም። 22 ራሱን ግን ትቼዋለሁ፤ የሰው ፊት ማየት ለሚፈልግ።

መልስ 27 ያበረደው ነገሩን ወደ ሥራ በመመለስ ነው። ኢንስትራክተር ናት። ዋናውን በእንግሊዝኛ ታስተምርና አምስት ደቂቃ ትሰጣለች፤ ሦስት ሦስት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ እርስ በርስ ያስረዳሉ። ከዚያ አንዱ በእንግሊዝኛ ይመልስላታል። ጥቆማ ካለ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች እንጂ በአፏ አትጥለውም። በተጨማሪም ፓይተን 3 የሚባለው የኮድ ቋንቋ በፈረንጆች ከ2008 ጀምሮ የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደልም እንደሚቀበል ተማሪዎቿን ታሳያለች። ዋጋ ብለህ እኩል ይሆናል 40 ማለት ይቻላል፤ ይሠራል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንዲህ አስጽፋ ቀስ ብላ ወደ እንግሊዝኛው ትወስዳቸዋለች። በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ መጻፍ የሚፈልግም ይጻፍ አለች።

መልስ 28፣ ያው 21 ተመልሶ ነው፣ በቁቤ ሞክሮት እንደነበር ነገረን። ሁዻ የምንላት ጭረት (') ያለችበት ቃል ከሆነ ፓይተን ጽሑፍ የተጀመረ ይመስለውና ይጮሃል። እሱን ለማወቅ አንድ ምሽት ፈጅቶበታል፤ ግን ስለ ስትሪንግ (ኮድ ውስጥ ስለሚገባ ጽሑፍ) ያንን ምሽት ያህል የተማረበት ቀን የለም። መልስ 29 በአማርኛም ወጥመድ አለ አለ፦ ፀሐይ እና ጸሀይ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የክሊኒክ የስም ፍለጋ የሠራ ሰው ይህንን ያውቃል። እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር፦ እንዲህ ያለውን ችግር ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚያየው ቀለሜው አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚጽፈው ነው።

አንድ ሰው መሐል ገብቶ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩ ብቻዋን የፊት መለያ ሶፍትዌር ጥቁር ሰው እንደማይለይ አረጋገጠች አለ። መልስ 31 በትዕግሥት አረመው። ጥናቱ በፈረንጆች የ2018 ነው፤ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ነው የሠሩት፤ የተፈተነው ፊት አይቶ ወንድ ወይም ሴት የሚል ሶፍትዌር ነው። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል፤ ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ሶፍትዌሩን ሲሞክሩ ክፍሉ ውስጥ እነማን እንደነበሩ ገምቱ ብሎ አለፈ።

መልስ 33ን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ማየት የተሳነው ተመራቂ ነው። የሚጠቀመው ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ በፈረንጆች በ2006 የጀመሩት ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። ፓይተን መስመሮቹ ወደ ውስጥ ገባ ማለታቸው ትርጉም አለው፤ ለማያይ ሰው እንዴት ይሆናል ብለን ብዙዎቻችን ገምተን ነበር። ቀላል ነው አለ፦ መስመሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ድምፁ ይቀየራል፤ በጆሮው ይለየዋል። የከበደው ፓይተን አልነበረም። የከበደው ይሄ የሚለው ቃል ነው። መምህሩ ፕሮጀክተሩ ላይ እየጠቆመ ይሄ እዚህ ይገባል፣ ያኛው ወደዚያ ይሄዳል ይላል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተነስቶ መምህር፣ የመስመሩን ቁጥር ይጥሩልኝ አላቸው። እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንተኛው መስመር ላይ እያሉ ማስተማር ጀመሩ። የሚገርመው ኋላ የተቀመጡት ማየት የሚችሉት ልጆች ናቸው ያመሰገኑት። እነሱም ለካ መምህሩ የት እንደሚጠቁሙ አይታያቸውም ነበር።

34 ላይ በክራንች የሚሄድ ልጅ ላባቸው ሦስተኛ ፎቅ እንደነበረና ሊፍት እንዳልነበረ ብቻ ጻፈ። ሌላ ምንም አላለም።

ከዚያ 3 ተመለሰ። አንድ የሚያውቀው ሰው የዚህ ሰው አባት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነበራቸው፣ ከልጅነቱ እዚያ ነው ያደገው ብሎ ጻፈበት። ያንን አጥፍቼዋለሁ፤ የሰው ቤት ነው። እሱ ግን ሳይጠፋ አይቶታል፤ ተናደደ፤ በኋላ ግን ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱን ጥያቄ ያመጣው እሱ ነው። እሺ፣ የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው አለ። አንድ ኢንስትራክተር 60 ተማሪ፣ ሦስት ሴክሽን፣ የሚያርመው አሳይመንት ተቆልሎበት፣ ማን ኪቦርድ እንደያዘ የሚጠብቅበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

አንድ ለአምስት ነበር እኮ የሚል አልጠፋም። መልስ 38 አስታወሰው፦ አንድ ለአምስቱ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይፈርማሉ። ሳቅን፤ ምክንያቱም ሁላችንም ፈርመናል።

ለ3 የመለስኩት ራሴ ነኝ። አሁን ጅማ ውስጥ በክረምት ዩኒቨርሲቲ የሚጠብቁ ልጆችን አስተምራለሁ፤ አምስት ላፕቶፕ፣ አሥር ልጅ። ሰዓት የሚጠብቀው ስልኬ ነው። በየ15 ደቂቃው ይጮሃል፤ ሲጮህ ወንበር ይቀያየራሉ። የያዘው ሹፌር ነው፣ ሌላው ረዳት ነው። የረዳት ሕጉ አንድ ነው፦ አፍ እንጂ እጅ አይገባም። ሴሚኮለን የጠፋት ልጅ እስክታገኘው ድረስ ረዳቱ ከኤል አጠገብ ነው ማለት ይችላል፣ መጫን ግን አይችልም። የመጀመሪያው ሳምንት ረዳቶቹን እጃቸውን ከኋላ አጣምረው አስቀምጫቸው ነበር፤ ጅማ በርጩማ ላይ ስለሆነ የሚቀመጡት ሚዛናቸውን ስተው የወደቁም አሉ። ግሩፕ ፕሮጀክት ሲሆን ደግሞ ዲፌንስ ቀን ማን ስለ ምን እንደሚጠየቅ በዕጣ ነው፤ ዶክመንቴሽን ብቻ ጽፎ የሚያመልጥ የለም፣ ኮድ ብቻ ጽፎም እንዲሁ። 60 ላይ ይሠራል ወይ? ስልኩ ለ60ም ይጮሃል።

3 ሹፌርና ረዳቱ ባጃጅ ላይ አይሠራም ብሎ ቀለደ። ስለ ዋናው ነገር አልስማማም አለ፤ ሰዓቱን ግን እሞክረዋለሁ አለ። እሱም ለካ ያስተምራል።

ከ41 በኋላ ያለው ባብዛኛው የላፕቶፕ ዋጋ ነው፤ አጂፕ አካባቢ ያገለገለ የሚሸጥ ካለም ጠይቀዋል፤ እዚህ አላመጣውም። የመጨረሻው፣ 47ኛው፣ ጥያቄ ነው። አንዲት እናት የእህታቸውን ልጅ ሊልኩ ይፈልጋሉ፤ ከገጠር ነው የምትመጣው፣ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፣ ላፕቶፕም የላትም፤ ትቀበላለህ ወይ፣ ልጆቹስ አይስቁባትም ወይ አሉ። አዎ እትዬ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይላኩልኝ አልኳቸው። ደብተርና እስኪርቢቶ ትያዝ። መጀመሪያ ሹፌር የምትሆነው እሷ ናት።